በቴክሳስ «አግራቬትድ አሶልት» የሚባለው ምንድን ነው? ቁጥሩስ የሚቆጥረው ምኑን ነው?

መንገደኛዋ፦

ጤና ይስጥልኝ፤ ጥያቄዬ ረዘም ስለሚል በትዕግሥት አንብቡልኝ። እኔና ባለቤቴ ከሚኒሶታ ወደ ቴክሳስ ለመዛወርና በዳላስ አጠገብ በምትገኘው በጋርላንድ አንድ አነስተኛ ግሮሰሪ ለመግዛት ከሻጩ ጋር መነጋገር ከጀመርን ሁለት ወር አልፎናል። በዋጋው ተስማምተናል፤ የኪራይ ውሉንም አይተነዋል። ባለፈው ሳምንት ግን ባለቤቴ ከሥራ ሲመለስ ካፖርቱን እንኳ ሳያወልቅ ስልኩን ፊቴ ላይ ዘርግቶ «ይህን አንብቢ» አለኝ። ኤፍ.ቢ.አይ. ስለ 2019 ያወጣው ሠንጠረዥ ነበር (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ)፤ በዚያ ዓመት በቴክሳስ 76,387 «አግራቬትድ አሶልት» ተመዝግቧል ይላል። ለ365 ቀን ሲካፈል በቀን 209 ያህል ይደርሳል። አንድ የአማርኛ ጽሑፍ ደግሞ ቃሉን «ከባድ የአካል ጉዳት ማድረስ» ብሎ ስለተረጎመው፣ ባለቤቴ በየቀኑ 209 ሰው አጥንቱ ተሰብሮ ወይም በጥይት ተመትቶ ሆስፒታል የሚገባበት ግዛት ነው ብሎ ደምድሟል፤ ሱቁም ይቅርብን እያለ ነው።

እኔ ግን ነገሩ እንዲህ በአንድ ቁጥርና በአንድ ትርጉም የሚያልቅ አልመሰለኝም። ሕጉ ራሱ ይህን ወንጀል እንዴት ነው የሚተረጉመው? ሠንጠረዡስ የሚቆጥረው ሕጉ የሚለውን ነው ወይስ ሌላ ነገር? የምታውቁ ብታስረዱኝ ውለታችሁ አለብኝ።

ሚዛን፦

እንኳን ደኅና መጡ። በዳላስ አካባቢ በአንድ የጥብቅና ቢሮ ውስጥ ለዘጠኝ ዓመታት የወንጀል መዝገቦችን ሳዘጋጅ ኖሬአለሁ። ጠበቃ አይደለሁም፤ ስለዚህ ምክር ከመስጠት ይልቅ ሕጉ የሚለውን ብቻ ላስቀምጥልዎት።

በቴክሳስ የወንጀል ሕግ ሁለት አንቀጾች ተያይዘው ይነበባሉ። አንቀጽ 22.01 ተራውን አሶልት የሚተረጉም ሲሆን ሦስት በር አለው፤ ሆን ብሎ፣ እያወቀ ወይም በግዴለሽነት በሰው ላይ የአካል ጉዳት ማድረስ አንዱ ነው፤ ሰውን አሁኑኑ እጎዳሃለሁ ብሎ ማስፈራራት ሁለተኛው ነው፤ የሚነካው ሰው እንደሚከፋው እያወቁ መንካት ደግሞ ሦስተኛው ነው። እዚህ ላይ «የአካል ጉዳት» የሚለው ሐረግ እኛ በልማድ ከምንረዳው በጣም ቀለል ያለ ነው፤ ትርጉሞችን የሚሰጠው አንቀጽ 1.07 ሕመም መሰማት ብቻውን ይበቃል ስለሚል፣ በጥፊ የተመታ ሰው «አሞኛል» ካለና ከታመነ በሕጉ ዓይን ጉዳት ደርሶበታል። ቅጣቱ እስከ አንድ ዓመት የካውንቲ እስራትና እስከ 4,000 ዶላር መቀጮ ነው። በቃል ማስፈራራቱ ብቻውን ከሆነ ግን ነገሩ በተለመደው ሁኔታ ከ500 ዶላር በማይበልጥ መቀጮ ያልፋል።

አንቀጽ 22.02 ደግሞ አግራቬትድ የሚባለውን ያመጣል። ከላይ ካሉት አንዱ ተፈጽሞ፣ በዚያ ላይ ወይ «ከባድ የአካል ጉዳት» ሲደርስ፣ ወይም አጥፊው ገዳይ መሣሪያ «ሲጠቀም ወይም ሲያሳይ» ነው። ከባድ የሚባለው ጉዳት ለሞት የሚያሰጋ፣ ዘላቂና ብርቱ የመልክ መበላሸት የሚያስከትል፣ ወይም የአካል ክፍልን ለረዥም ጊዜ ከሥራ ውጭ የሚያደርግ ጉዳት ነው። ባለቤትዎ የተመለከቱት ይህንን የመጀመሪያውን በር ብቻ ነው። በሁለተኛው በር ለመግባት ግን ማንም ሰው መቁሰል የለበትም፤ ያ «ወይም» የሚለው ትንሽ ቃል የሕጉን ግማሽ ተሸክሟል። «አሁን ባልመታህ!» ብሎ እጁን ያወናጨፈ ሰው የ500 ዶላር ነገር ነው ያለበት፤ ያንኑ ቃል ሽጉጥ ይዞ የተናገረ ሰው ግን ሁለተኛ ደረጃ ፌሎኒ (ከባድ ወንጀል) ተከሶ ከ2 እስከ 20 ዓመት እስራትና እስከ 10,000 ዶላር መቀጮ ይጠብቀዋል። ጥቃቱ በሥራ ላይ ባለ የመንግሥት ሠራተኛ ላይ ሲሆን፣ ምስክርን ለመበቀል ሲፈጸም፣ ወይም በቤተሰብ አባል ላይ በገዳይ መሣሪያ ከባድ ጉዳት ሲደርስ ወደ አንደኛ ደረጃ ያድግና ከ5 እስከ 99 ዓመት ወይም የዕድሜ ልክ ይሆናል።

ገዳይ መሣሪያ ምንድን ነው ለሚለው፣ ጠመንጃና ሽጉጥ በተፈጥሯቸው ናቸው፤ የቀረው አብዛኛው እንደ አያያዙ ይታያል። መኪና፣ የቤዝቦል ዱላ፣ የቢራ ጠርሙስ፣ የጎማ መፍቻ፣ ሁሉም እንደ አጠቃቀማቸው ገዳይ መሣሪያ ሊባሉ ይችላሉ። የግዛቱ ከፍተኛ የወንጀል ይግባኝ ችሎት እጅና እግርም በራሳቸው ገዳይ መሣሪያ ባይሆኑም በአመታቱ ሁኔታ ሊሆኑ እንደሚችሉ ከተናገረ አርባ ዓመት አልፏል።

ቱርጁማን፦

ሚዛን ያነሡት የትርጉም ነገር የኔም ቁስል ነውና ልጨምርበት። በፍርድ ቤት አስተርጓሚነት እሠራለሁ። ሥራ በጀመርኩባቸው ወራት አንድ አዛውንት በመኪና ማቆሚያ ቦታ ከጎረቤታቸው ጋር ተጣልተው የጎማ መፍቻ ብረት ከፍ አድርገው በመያዛቸው ተከሰው ቀረቡ (ማንነታቸውን የሚጠቁመውን ሁሉ ትቼዋለሁ)። ዳኛዋ ክሱን ሲያነቡ እኔ በመዝገበ ቃላት እንዳጠናሁት «ከባድ የአካል ጉዳት በማድረስ ወንጀል ተከሰዋል» ብዬ አስተላለፍኩ። አዛውንቱ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው «ልጄ፣ ኧረ በመድኃኔ ዓለም! የልብሱን ጫፍ እንኳ አልነካሁትም!» አሉ። የተናገሩትን መልሼ በእንግሊዝኛ ማስተላለፍ ግዴታዬ ስለነበር አስተላለፍኩ፤ ጠበቃቸው ወዲያው እጁን ትከሻቸው ላይ ጭኖ ዝም አሰኛቸው። ስለ ፍሬ ነገሩ በዚያ ሰዓት አንድም ቃል መናገር ያልነበረባቸው ሰው፣ በኔ የቃል ምርጫ ምክንያት ስለ አንድ ያልተከሰሱበት ነገር መከራከር ጀምረው ነበር። መንካታቸውን የከሰሳቸው ማንም አልነበረም፤ የተከሰሱት ብረቱን በማንሣታቸው ነበር።

ስሕተቱ ከየት እንደሚመጣ ግልጽ ነው። በአገራችን በኢትዮጵያ የ1996 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር) የወንጀል ሕግ አንቀጽ 555 ታስቦ ስለሚፈጸም ከባድ የአካል ጉዳት፣ አንቀጽ 556 ደግሞ ስለ ቀላል የአካል ጉዳት ይደነግጋል፤ ጉዳት ሳይደርስ የሚፈጸመው መገፍተርና መምታት «የእጅ እልፊት» ተብሎ በአንቀጽ 560 ለብቻው ተቀምጧል። የእኛ ሕግ መሰላሉን የሚወጣው በዋነኛነት በቁስሉ ክብደት ነው፤ መሣሪያ መያዝ ቀላሉን ጉዳት ያከብደዋል እንጂ ያልደረሰን ጉዳት እንደደረሰ አያስቆጥርም። የቴክሳሱ ግን በቁስልም በመሣሪያም ስለሚወጣ፣ የኛን 555 ስም ወስደን 22.02 ላይ ስንለጥፍ ግማሹ ይሸፈናል፣ ግማሹ እርቃኑን ይቀራል። እኔ ዛሬ «በከባድ ሁኔታ የተፈጸመ ጥቃት» እላለሁ፤ ክብደቱ የጥቃቱ ሁኔታ እንጂ የቁስሉ ብቻ እንዳልሆነ ይነግራል።

ጥርጣሬ፦

ሁላችሁም በትሕትና እየጻፋችሁ ስለሆነ እኔም በትሕትና ልቃወም። ይህን ሳነብ፣ ቁጥሩ ትልቅ የሆነው ቃሉ ሰፊ ስለሆነ ነው እንጂ አደጋው ያን ያህል አይደለም የሚል ነገር ከጀርባ ይሰማኛል። ሽጉጥ ግንባሩ ላይ የተደገነበት ሰው ስላልቆሰለ ምንም አልሆነም ልንል ነው? እኔ ሂውስተን ውስጥ ታክሲ ስነዳ አንድ ጊዜ ተደግኖብኛል፤ ለስድስት ወር ሌሊት መንዳት አልቻልኩም። ሕጉ ይህንን ከአጥንት መሰበር እኩል ማየቱ ትክክል ነው ባይ ነኝ።

ቆጣሪው፦

ጥርጣሬ ያሉት ልክ ነው፤ ማንም ቀላል ነው አላለም። የእህታችን ጥያቄ ግን 76,387 ምን ያህል ሰው መቁሰሉን ይነግራል ወይ ነው፤ መልሱም አይነግርም ነው። በአንድ የፖሊስ መምሪያ የመዝገብ ክፍል ውስጥ ለዓመታት ስለሠራሁ ቁጥሩ እንዴት እንደሚወለድ ላስረዳ።

የመጀመሪያው መታወቅ ያለበት ነገር፣ ያ ሠንጠረዥ የቴክሳስን የወንጀል ሕግ ጨርሶ አያውቀውም። ኤፍ.ቢ.አይ. ከ1930 ጀምሮ የየግዛቱን ቁጥር ሲሰበስብ ሃምሳው ግዛት ሃምሳ ዓይነት ሕግ ስላለው የራሱን ወጥ ትርጉም አውጥቷል፤ በዚያ ትርጉም አግራቬትድ አሶልት ማለት ብርቱ ጉዳት ለማድረስ የሚፈጸም፣ አብዛኛውን ጊዜም መሣሪያ ወይም ለሞት ሊያደርስ የሚችል ዘዴ የታከለበት ጥቃት ነው፤ ሙከራውም ይቆጠራል። እርስዎ ካሉበት ከሚኒሶታ የተሻለ ምስክር የለም። በሚኒሶታ የወንጀል ሕግ ውስጥ አሶልት ከአንደኛ እስከ አምስተኛ ደረጃ ተሰድሯል እንጂ «አግራቬትድ አሶልት» የሚባል ስም የለውም፤ ሆኖም ሠንጠረዡን ቢገልጡ ለሚኒሶታም በዚያው ስም ቁጥር ተቀምጦላታል። በሕጓ የሌለ ወንጀል በሠንጠረዡ በየዓመቱ ይቆጠርላታል ማለት ነው።

ቴክሳስ ስሙን በመጋራቷ ሰው ሁለቱ አንድ ይመስሉታል፤ አይደሉም። አንድ ባል ሚስቱን አንገቷን አንቆ ትንፋሽ ቢያሳጣት፣ የቴክሳስ ሕግ ይህንን በአንቀጽ 22.01 ሥር የቤተሰብ ጥቃት ብሎ በሦስተኛ ደረጃ ፌሎኒ ያስቀምጠዋል፤ በሠንጠረዡ ግን አግራቬትድ አሶልት ሆኖ ይገባል። የግድያ ሙከራ በቴክሳስ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ በሠንጠረዡ እርሱም አግራቬትድ አሶልት ነው። ጥርስ የሚያወልቅ ወይም አጥንት የሚሰብር ቡጢ ለቆጠራው ያለጥርጥር ከባዱ ነው፤ ፍርድ ቤት ግን ያ ስብራት የሕጉን «ከባድ የአካል ጉዳት» መስፈርት ማሟላት አለማሟላቱን ሐኪም ጠርቶ ግማሽ ቀን ይከራከርበታል።

ሁለተኛው፣ መዝገብ ክፍል ውስጥ ቁጥሩን የምንልከው ፖሊስ ሪፖርቱን ጽፎ ሲያበቃ ነው። ተጠርጣሪው ተያዘ አልተያዘ፣ ተከሰሰ አልተከሰሰ፣ ነጻ ወጣ ተፈረደበት፣ ለቁጥሩ ለውጥ አያመጣም፤ ከቁጥሩ የሚወጣው በምርመራ ሐሰት ወይም መሠረተ ቢስ ሆኖ የተገኘ አቤቱታ ብቻ ነው። ቁጥሩ ከከተማው ወደ ግዛቱ የሕዝብ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ወደ ኦስቲን፣ ከዚያም ወደ ኤፍ.ቢ.አይ. ይሄዳል።

ሦስተኛውን ብዙ ሰው አይጠይቀውም፤ የሚቆጠረው በተጎጂ ራስ ነው። ዝርፊያ ስንት ሰው ቢኖርበት በአንድ ክስተት አንድ ሆኖ ይመዘገባል፤ አግራቬትድ አሶልት ግን በአንድ ክስተት አምስት ሰው ላይ ከተፈጸመ አምስት ነው። ነገሩን የሚያስገርመው፣ የቴክሳስ ከፍተኛ የወንጀል ይግባኝ ችሎት ዝርፊያንም ቢሆን በተጎጂው ሰው ልክ እንደሚቆጥረው መወሰኑ ነው፤ እዚህም ሠንጠረዡና ሕጉ ተለያይተው ይሄዳሉ።

የጋርላንድ ባለሱቅ፦

እህቴ፣ እኔ ሊገዙ ካሰቡት ሱቅ ብዙም ሳልርቅ አሥራ አንድ ዓመት ከካውንተር ጀርባ ቆሜአለሁ፤ ስለዚህ የሆነውን ልንገርዎት።

በአንድ ዓርብ ምሽት፣ ወደ አራት ሰዓት ገደማ፣ አንድ ወጣት ትልቁን ጣሳ ቢራ ካውንተሩ ላይ አስቀመጠ። መታወቂያ ጠየቅሁት፤ የለውም። አልሸጥልህም አልኩት። ጣሳውን በመዳፉ ወደኔ ገፋው፣ ከዚያ የቲሸርቱን ጠርዝ በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ ላይ ሰበሰበው። ከቀበቶው ውስጥ የሽጉጥ እጀታ ይታያል። «አሁን ሽጥልኝ» አለኝ። እኔ ነበርኩ፣ ወተት የምትደረድር የባለቤቴ እኅት ነበረች፣ የሎተሪ ቁጥር የሚሞሉ ሁለት ደንበኞች ነበሩ። ዞር ብሎ እያንዳንዳችንን አየና «ማናችሁም ብትንቀሳቀሱ እተኩሳለሁ» አለ። ቢራውን ትቶ፣ ምንም ሳይወስድ ወጣ። በሁለት ሰዓት ውስጥ ተያዘ።

የመጣው ፖሊስ የአራታችንንም ስም፣ የትውልድ ቀንና ስልክ ለየብቻ ጻፈ፤ ለእያንዳንዳችንም ፈርተን እንደነበረ ጠየቀን። ያኔ ለምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር፤ ዛሬ ቆጣሪውን ሳነብ ገባኝ። ክሱ በገዳይ መሣሪያ አግራቬትድ አሶልት ተብሎ ተመሠረተ። ከስምንት ወር በኋላ ከዐቃቤ ሕግ ጋር ተስማምቶ «ዴድሊ ኮንዳክት» (ሰውን ለከባድ አደጋ ማጋለጥ) በሚባል ሚስድሚነር፣ ማለትም ቀለል ባለ ወንጀል፣ ጥፋተኛነቱን አመነ። ለምስክርነት ይጠሩኛል ብዬ ሱቅ ለመዝጋት ሁለት ጊዜ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ማንም አልጠራኝም።

ቆጣሪው፦

ባለሱቁ ጥያቄውን ከኔ በተሻለ መለሱት። ፖሊሱ አራት ተጎጂ ብሎ ከመዘገበ በሠንጠረዡ አራት አግራቬትድ አሶልት ተቆጥሯል። በክስ ማመልከቻው ላይ ከ2 እስከ 20 ዓመት የሚያስቀጣ ሁለተኛ ደረጃ ፌሎኒ ተጽፏል። በፍርድ መዝገቡ ላይ ደግሞ አንድ ሰው በአንድ ሚስድሚነር ተፈርዶበታል፤ አግራቬትድ አሶልት የሚል ቃል በፍርዱ ላይ የለም። የተጫረ ሰው ደግሞ አንድም የለም። ሦስቱም ቁጥር እውነት ነው፤ አንዱን በሌላው ስም መጥራት ነው ሐሰት የሚያደርገው።

ተቃራኒውም አለና ለሚዛን ልናገር። በ2019 ብዙ የአሜሪካ ፖሊስ መምሪያዎች ይከተሉት በነበረው አሮጌ አቆጣጠር፣ በአንድ ክስተት ከባዱ ወንጀል ብቻ ነበር የሚመዘገበው። አንድ ሰው ተገድሎ ሁለት ሰዎች በዚያው ተኩስ ቢቆስሉ ግድያው ብቻ ይቆጠራል፤ ሁለቱ ቁስለኞች ከሠንጠረዡ ይወጣሉ። አሁን ክስተቱን በዝርዝር የሚመዘግበው ናይበርስ የሚባለው ሥርዓት ተተክቷል፤ ኤፍ.ቢ.አይ. ከጥር 1 ቀን 2021 ጀምሮ በእርሱ ብቻ መቀበል ጀመረ፣ ቴክሳስም ከዚያ ቀድማ ወደዚያው ስትሸጋገር ነበር። ስለዚህ ከ2021 በፊትና በኋላ ያሉትን ዓመታት ጎን ለጎን አስቀምጦ «ጨመረ፣ ቀነሰ» የሚል ሰው መጀመሪያ የአቆጣጠሩን ለውጥ ማጣራት አለበት። በተለይ የ2021ዱ አገር አቀፍ ቁጥር፣ እንደ ኒው ዮርክና ሎስ አንጀለስ ያሉ ትልልቅ ከተሞች በጊዜው ስላልተሸጋገሩ፣ ብዙ ቀዳዳ ነበረበት።

ለባለቤትዎ የሚጠቅመው ጥሬው ቁጥር ሳይሆን ለሕዝብ ብዛት የተካፈለው ነው። በ2019 ቴክሳስ ወደ 29 ሚሊዮን ሕዝብ ነበራት፤ 76,387 ሲካፈል ለ100,000 ሰው 263.4 ይደርሳል። በዚያው ዓመት የመላው አሜሪካ 250.2 ነበር። ከአማካዩ በአምስት ከመቶ ያህል ይበልጣል ማለት ነው። በግዛቱ ከተመዘገቡት 121,474 የኃይል ወንጀሎች ውስጥ ከመቶ 63 ያህሉ አግራቬትድ አሶልት ናቸው፤ በአገር አቀፍ ደረጃ ደግሞ 68 ያህሉ። «የኃይል ወንጀል ጨመረ» የሚል ዜና ሲሰሙ አብዛኛውን ጊዜ የተንቀሳቀሰው ይህ አንድ ዓምድ ነው፤ በ2020 በመላ አገሪቱ 12 ከመቶ ያህል ሲያድግ የሆነውም እርሱ ነበር።

ጥርጣሬ፦

እሺ፣ በተጎጂ ራስ መቆጠሩን አላውቅም ነበር፤ አመሰግናለሁ። ነገር ግን ሰው የማያመለክተውስ? እኔ ራሴ ያ ሌሊት ፖሊስ አልጠራሁም። ደግሞስ ሂውስተን ላይ የወጣውን ጉድ ረሳችሁት? ፖሊስ መዝገቡን «የሰው ኃይል የለም» ብሎ መሳቢያ ውስጥ ከከተተው ቁጥሩ ምን ዋጋ አለው?

ቆጣሪው፦

ያላመለከቱት የርስዎ ነገር በሠንጠረዡ የለም። ለዚህ ነው የፌዴራሉ የፍትሕ ስታቲስቲክስ ቢሮ ቤት ለቤት የሚጠይቅ የተጎጂዎች ጥናት የሚያካሂደው፤ በ2019 ከኃይል ጥቃቶች ውስጥ ለፖሊስ የተነገረው 41 ከመቶ ያህሉ ብቻ እንደነበረ ጥናቱ ያሳያል። በመሣሪያ የሚፈጸመው ከተራው የበለጠ ይነገራል፤ ግን እርሱም ሁሉ አይነገርም። የኛ ሰው ደግሞ በቋንቋ፣ በወረቀት ስጋትና «ነገር አላብዛ» በሚል ይተወዋል። ይህንን የምለው ከልምድ እንጂ ከሠንጠረዥ አይደለም።

የሂውስተኑ ጉዳይ ሌላ ነው። በየካቲት 2024 ይፋ እንደሆነው፣ መምሪያው ከ2016 ጀምሮ ከ264,000 በላይ ሪፖርቶችን የሰው ኃይል እጥረት በሚል ኮድ አግዶ ነበር፤ ከነዚህ ውስጥ ከ4,000 በላይ የሚሆኑት ወሲባዊ ጥቃትን የሚመለከቱ ነበሩ፤ የፖሊስ አዛዡም በዚያው ዓመት በግንቦት ጡረታ ወጡ። ይህ ግን ከተመዘገቡ በኋላ የታገዱ ሪፖርቶች ነገር ነው። ሪፖርት ተጽፎ ከሆነ ወንጀሉ ከቆጠራው አይወጣም፤ የሚጎዳው «ተፈቷል» (ማለትም የወንጀሉ አድራጊ ተገኝቷል) የሚለው ዓምድ ነው። በ2019 በአገር አቀፍ ደረጃ ከአግራቬትድ አሶልት ውስጥ ተፈታ የተባለው 52 ከመቶ ያህሉ ብቻ ነበር፤ አጥቂውና ተጎጂው ብዙ ጊዜ በሚተዋወቁበት ወንጀል ይህ ትንሽ ነው።

የጋርላንድ ባለሱቅ፦

አንድ ጥያቄ ለሚዛን። እኔ ከዚያ ቀን በኋላ ፈቃድ ያለው ሽጉጥ ካውንተር ሥር አስቀምጫለሁ። አንዱ ቢመጣብኝና እኔ ባወጣው፣ ባልተኩስ፣ እኔም በዚሁ አንቀጽ እከሰሳለሁ ማለት ነው?

ሚዛን፦

ጋሼ፣ ይህን ጥያቄ ከሱቅ ባለቤቶች በሳምንት አንድ ጊዜ እሰማዋለሁ። አንቀጽ 9.04 እንደሚለው፣ ሰውየው ኃይል መጠቀም በሚፈቀድለት ሁኔታ ላይ ካለ፣ መሣሪያ ማውጣቱ ዓላማው ካስፈለገ እንደሚጠቀምበት ለማሳወቅ ብቻ ከሆነ፣ ያ ማውጣት «ገዳይ ኃይል መጠቀም» አይባልም። ቁልፉ መነሻው ላይ ነው፤ ያን ጊዜ ኃይል መጠቀም ይፈቀድልዎት ነበር ወይ? ያ ወጣት ሽጉጡን አሳይቶ «እተኩሳለሁ» ሲል አዎ። የስድብ ቃል ብቻ ተናግሮ ሲወጣ ከኋላው ቢያወጡበት ግን አይደለም፤ ሕጉ በቃል ብቻ መተንኮስ ኃይልን አይፈቅድም ይላል፣ ያኔ 22.02 ወደርስዎ ይዞራል። ከመስከረም 1 ቀን 2021 ጀምሮ በቴክሳስ አብዛኛው ዕድሜው 21 የሞላ ሰው ያለ ፈቃድ ሽጉጥ መያዝ ይችላል፤ መያዝ መፈቀዱ ግን ማሳየት ተፈቀደ ማለት እንዳልሆነ ብዙ ሰው የሚያውቀው ከተያዘ በኋላ ነው።

ስሜ ይቅር፦

ይቅርታ፣ ወደ ጎን እንዳልወስዳችሁ። የቅርብ ዘመዴ ግሪን ካርድ አለው፣ በዚህ አንቀጽ ተከሷል። ጠበቃው «ዲፈርድ» የሚባል ነገር ቀርቦልሃል፣ ጨርሰህ ስትወጣ የጥፋተኝነት ፍርድ የለብህም ብሎታል። እውነት ነው?

ሚዛን፦

በቴክሳስ ሕግ እውነት ነው። ዳኛው ጥፋተኛ ብሎ ሳይፈርድ ለተወሰነ ዓመት በክትትል ሥር ያቆየዋል፤ ካሟላ ክሱ ይሰረዛል። በፌዴራሉ የኢሚግሬሽን ሕግ ግን «ፍርድ» የሚለው ቃል የራሱ ትርጉም አለው፤ ሰውየው ጥፋቱን ካመነና ዳኛው ማንኛውንም ዓይነት ቅጣት ወይም ገደብ ከጣለበት ተፈርዶበታል ይለዋል። ስለዚህ አንዱ ወረቀት በኦስቲን ሕግ ፍርድ አይደለም፣ በዋሽንግተን ሕግ ፍርድ ነው። በዚያ ላይ የኢሚግሬሽን ሕግ «አግራቬትድ ፌሎኒ» የሚል ሌላ ዝርዝር አለው፤ ስሙ ቢመሳሰልም ከ22.02 ጋር አንድ አይደለም። የቴክሳሱ ትርጉም ግዴለሽነትን ስለሚጨምር፣ የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2021 ስለ ግዴለሽነት ከሰጠው ውሳኔ ወዲህ ይህ አንቀጽ በዚያ ዝርዝር ውስጥ ይገባል አይገባም የሚለው የባለሙያ ክርክር ሆኗል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 የወንጀል ጠበቃ ደንበኛውን ስለ መባረር አደጋ የማስጠንቀቅ ግዴታ እንዳለበት ወስኗል፤ ዘመድዎ ከመፈረሙ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ መዝገቡን እንዲያየው በጽሑፍ ይጠይቅ። ከፈረመ በኋላ ለማስተካከል የሚደረገው ሩጫ እጅግ ከባድ ነው።

ቱርጁማን፦

እኔም አንድ ነገር ልጨምር። «ዲፈርድ»ን አንዳንድ አስተርጓሚ «ምሕረት» ብሎ ሲተረጉም ሰምቻለሁ። ምሕረት አይደለም፤ ፍርዱን ማቆየት ነው። ዘመድዎ ችሎት ላይ «ምሕረት» የሚል ቃል ከሰማ እጁን አንሥቶ እንደገና ይጠይቅ።

መንገደኛዋ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ይህን ውይይት ሙሉውን ለባለቤቴ አነበብኩለት፤ ባለሱቁ ቲሸርቱ ወደ ላይ ሲሰበሰብ የጻፉት ላይ ስደርስ አስቁሞኝ «ታዲያ ይህ ያጽናናኛል?» አለኝ። አላጽናናውም፤ ግን 209 የተሰበረ አጥንት ማለቱን ትቷል፤ አሁን የሚጠይቀው በዚያ መንገድ ላይ ስንት ጊዜ መሣሪያ ታይቷል የሚለውን ነው። በቴክሳስ የሕዝብ መረጃ ሕግ መሠረት ለከተማው ፖሊስ በጽሑፍ ጥያቄ ልኬአለሁ፤ በሱቁ አድራሻና በዙሪያው ባሉት መንገዶች ያለፉትን ሦስት ዓመታት የአሶልት ሪፖርቶች፣ መሣሪያው ምን እንደነበረና ስንት ተጎጂ እንደተመዘገበ ለይተው እንዲሰጡኝ ጠይቄአለሁ። ሻጩንም የካሜራውን መዝገብና ከኢንሹራንስ ጋር የተጻጻፈውን እንዲያሳየን ነገርነው፤ ለጊዜው ዝም ብሏል። ባለሱቁ ፈቃደኛ ከሆኑ፣ በሚቀጥለው ወር ስንመጣ ዓርብ ማታ ከአራት ሰዓት በፊት እርስዎ ዘንድ ቆመን ሁለት ሰዓት ያህል ማየት እንፈልጋለን።

የጋርላንድ ባለሱቅ፦

ደስ ይለኛል። በኋላ በር በኩል ኑ፤ ቡና ይኖራል።